ለቆቦ ሰው «ተመላላሽ» ምን ማለት ነው?

የአፍንጫን ሁለት ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ሲጣመም አየር በአንዱ ወገን እንደልብ አያልፍም። ሐኪሙ የግድግዳውን ስስ ልባስ ከለስላሳው አጥንት ገልጦ የጎበጠውን ያቃናል ወይም ቆርጦ ያወጣል፤ ልባሱንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይዘል፣ በብዙ አገሮች ታካሚው ጠዋት ገብቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ይህ አሠራር አልጋ ይቆጥባል፣ ወጪም ይቀንሳል የሚሉትን እደግፋለሁ። ጥያቄዬ ግን «ቤቱ የት ነው?» የሚል ነው። በአገራችን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስቶች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ነው። ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በራያ ሜዳ ለሚኖር ገበሬ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ያለው የእግር መንገድ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ሰው «ተመላላሽ ታካሚ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ከየት ወዴት ሊመላለስ ነው?

ነገሩ የመንገድ ድካም ብቻ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በልባሱና በለስላሳው አጥንት መካከል ደም ሊታጎር ይችላል። ይህ አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከልባሱ ነው። የታጎረው ደም ሁለቱን ካለያያቸው አጥንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፣ አፍንጫውም ሊሰረጉድ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ደሙን ከፍቶ ማፍሰስ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። የቀን ቀዶ ሕክምና በተለመደባቸው አገሮች ታካሚው ከመሸኘቱ በፊት የሚያድርበት ቦታ ርቀትና አብሮት የሚያድር ሰው መኖሩ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ለእኛ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት ከፍቷል፤ በኋላም አሠራሩ ወደ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተዛምቷል። አፍንጫውን የታከመ ሰውስ ከአስታማሚው ጋር ለጥቂት ቀናት የሚያርፍበት ክፍል ለምን አይኖረውም? ክፍሉ ከሌለ ሆስፒታሉ ቆጠብኩት የሚለውን ወጪ የሚከፍለው ገበሬው በየአልጋ ቤቱ ነው።

ወደ አገሩ ሲመለስም ለአንድ ሁለት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሣና ከአቧራ እንዲርቅ ይነገረዋል። የማሽላ አውድማ በሚደራበት ወቅት ይህን መፈጸም ቀላል አይደለም፤ የቀጠሮው ቀን ሲወሰን የመኸሩም ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። የቆቦ ሆስፒታል ሐኪሞችም የታጎረን ደም ለይተው እንዲያፈሱ ቢሠለጥኑና ታካሚው ምን እንደተደረገለት የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ቢሄድ፣ አፍንጫው ባበጠበት ሌሊት አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አይጠበቅበትም።