የቅበላው ዳቦ በቅበላ ይበላ

ስዊድናውያንም የቅበላ ምግብ አላቸው። «ሴምላ» ይሉታል፤ ሄል የገባበት የስንዴ ዳቦ ሲሆን፣ ውስጡ በጣፋጭ የአልሞንድ ሊጥና በተመታ ክሬም ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1771 ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ በቅበላ ዕለት ከከባድ ድግስ በኋላ ስለሞቱ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይህንን ዳቦ ይወቅሳል።

እኔ እንደ ሐኪም አንድ ዳቦ ንጉሥ ይገድላል ብዬ አላምንም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሴምላ ድሮ ከጾም በፊት የሚበላ ነበር። ከሃይማኖት ተሐድሶው በኋላ ጾሙ እየቀረ ሄደ፤ ዳቦው ግን ቆየ። አሁን ገና ካለፈ ጀምሮ ለሳምንታት ይሸጣል። ጉዳቱ ከአሠራሩ ይልቅ ከመደጋገሙ ይመጣል።

ስዊድናውያን ለልጆቻቸው ያቆዩት «የቅዳሜ ከረሜላ» የተባለ ልማድ ግን ይበል የሚያሰኝ ነው። ልጆች ጣፋጭ የሚያገኙት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስኳር አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱም የጥርስን ሽፋን ያሟሽሻል። ምራቅ ጉዳቱን ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ለሚመጥ ልጅ ይህ ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጣፋጭን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ቀን ቁረጡለት። ልጁ ሲያለቅስ ማባበያ አታድርጉት። ከምግብ ጋር ይብላ፤ ማታ ጥርሱን ይቦርሽ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ በበዓልም ቢሆን መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ።