እጅ መስጠትስ ለማን?

በግቢያችን አንድ አባባል እንደ ጉንፋን ተዛምቷል። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ!» ያልተጠና ፈተና ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ያስቀየምነው ጓደኛ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። እዚያ ጥግ አልጋ ላይ በብሔሩ የሚሰደበው ልጅ ጉዳይም እንዲሁ ለእግዚአብሔር ይሰጥና እኛ ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን እንተኛለን። ኧረ ለመሆኑ ይሄ መስጠት ነው ወይስ መጣል? እኛ እንደሚገባን ሰው ለአምላኩ የሚሰጠው ራሱን ነው እንጂ የሰለቸውን ጣጣ አይደለም።

በቋንቋችን «እጅ መስጠት» ከባድ ቃል ነው። በጦር ሜዳ እጁን የሰጠ ሰው ትጥቁን ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ አይደለም። ክርስቲያን ነን ስንል እጃችንን ሰጥተናል ማለታችን ነው። ታዲያ ለአንድ ጌታ የተሰጠ እጅ ለሌላ ጌታ፣ ለፍርሃት፣ ለማርክ፣ ለመንደር ልጅነት እንዴት ደግሞ ይሰጣል? የብዙዎቻችን ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው። እሑድ የሰጠነውን እጅ ሰኞ መልሰን እንወስደዋለን።

ጌቴሴማኒን እናስብ። ክርስቶስ በዚያች ሌሊት በጭንቀት ላቡ እየተንጠባጠበ ፈቃዱን ለአባቱ ፈቃድ አስገዛ። ግን ከጸሎቱ ተነስቶ ወደ መኝታ አልሄደም፤ ሰይፍና ጎመድ ይዘው ወደመጡት ሰዎች ሄደ። የተኙት ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ፤ ጥቂት ቆይተው የሸሹትም እነሱው።

ከአገራችንም ምስክር አይጠፋም። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ፋሽስቶች ከእሳቸው የፈለጉት ቃል ብቻ ነበር፤ አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡ ለኢጣሊያ እንዲገዛ እንዲያስተምሩ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። (እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን ስናነብ ዓይናችን እንባ ያቀራል። መጽሐፉን ከከደንን በኋላ ግን ምን አገባኝ ባዮች ነን።)

ከ43 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሰብከው ሲወጡ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ከዚያ በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋቸውን ጥለው መሄድን አልወደዱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቀዋል። በዚያው በ1971 ዓ.ም. በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የተነሱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ገዳዩ «ኦርቶዶክስ ነህ ወይስ ጴንጤ» ብሎ አልለያቸውም። እኛ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሽሮ እየበላን እውነተኛው ክርስቲያን ማነው እያልን እንነታረካለን።

ድፍረት ሲባል ጩኸት የሚመስላቸውም አሉ። ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል መዝሙር ከፍቶ «በጌታ አላፍርም» ማለት ድፍረት ነው እንዴ? የሙስሊም ጓደኛችንን እምነት ማንጓጠጥስ? ይሄማ ማንም አፍ ያለው የሚያደርገው ነው። አጤሬራው ከወንበር ወንበር ሲዞር «እኔን ዝለለኝ» ማለት፣ ያኔ ነው የሚጨንቀው። ጓደኛ ይኮርፋል፣ «ጻድቅ ነኝ ባይ» የሚል ስም ይወጣል፣ ማርክም ዝቅ ይላል።

«ዘመኑ ሌላ ነው፤ ዛሬ ማን ይገድለናል?» የሚሉን አሉ። ልክ ናቸው፤ ከአብዛኞቻችን ደም የጠየቀ የለም። የተጠየቅነው አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንድንመልስ፣ አንድ የሚሰደብ ልጅ አጠገብ እንድንቀመጥ ነው፤ እሷንም አልቻልንም። ደሞስ ማን አለ ዘመኑ ቀላል ነው? በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በብሔር ሰበብ ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሲሞቱ በየትራሱ ስር ስንት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር? በየአንገቱስ ስንት ማተብ? «ተው፣ ይህን ልጅ አትንኩት፤ በእኔ በኩል ማለፍ አለባችሁ» ብለው በር ላይ የቆሙ ካሉ እነሱ እጃቸውን ሰጥተዋል። ሌሎቻችን ወሬውን በስልክ ስንከታተል አደርን፤ ሲነጋም ጸሎት ያዝን።

ጸሎቱን አንነቅፍም። ጸሎቱ ሲያልቅ ወዴት እንደምንሄድ ነው የምንጠይቀው። ማታ በየኅብረቱና በየጉባኤው የምንገናኝ ሁሉ፣ ዝማሬው ሲያበቃ ስለዚያ ጥግ አልጋ ላይ ስለተኛው ልጅ እንነጋገር። ስሙን እንኳ የምናውቅ ስንት ነን?