ከካርቶኑ ስም ይልቅ መለያ ቁጥሩ

የዚህ እትም ዐቢይ ጉዳይ የኮምፒውተር መሣሪያና ድራይቨሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የሚገናኙበት መንገድ ነው። ጉዳዩ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የራቀ ይመስላል፤ አይደለም። የዋይፋይ ካርድ ድራይቨሩን ካጣ፣ ያንኑ ድራይቨር በካርዱ በኩል ከኢንተርኔት ማውረድም አይቻልም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ላለባት መካነ ሰላም፣ ለዚህ ብሎ ደሴ ድረስ መሄድ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የመሣሪያው ካርቶን ላይ የተጻፈውን ስም አያይም። በፒሲአይ የተሰካ ካርድ የአምራቹንና የራሱን መለያ ቁጥር ያሳውቃል፤ የኢንቴል ለምሳሌ 8086 ነው። እያንዳንዱ ድራይቨርም የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ ከርነሉ ድራይቨሩን ይጠራል፤ ድራይቨሩ መሣሪያውን መርምሮ ይረከባል ወይም ይመልሳል። አምራቹ የንግድ ስሙን ሳይለውጥ የውስጡን ቺፕ ከቀየረና የአዲሱ ቺፕ ድራይቨር ማሽኑ ላይ ከሌለ ግን፣ ትናንት የሠራው ሞዴል ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ለዚህ ነው ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው መምጣት አለባቸው የምንለው። ይህ ማሽኑን ያከብደዋል የሚሉ አሉ። ድራይቨሮቹ ግን በአብዛኛው በሞጁል መልክ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሚሞሪ ውስጥ የሚገባው የተሰካው መሣሪያ የሚፈልገው ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ፣ ቁጥሩ ገጥሞም የፈርምዌር ፋይሉ (ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ከሌለ ብዙ ካርዶች አይነሡም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ ፈርምዌሩም አብሮ ይምጣ።

ለትምህርት ቤት ወይም ለቢሮ ኮምፒውተር የምትገዙ ሁሉ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ አስነሥታችሁ ዋይፋዩ መሥራቱን አረጋግጡ።