ታሪክ ተምሮ የት ይገባል?

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ታሪክ ወይም ሶሲዮሎጂ ተመርቆ ቤት የተቀመጠውን ልጃችሁን “ምን ልትሆን ተማርክ?” አትበሉት። በደርግ ዘመን ታላላቆቻችንን መንግሥት ይመድባቸው ነበር፤ ያ ቀርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ይህን ያለፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም።

አንተም ልጄ፣ “ልምድ የለኝም” ከማለትህ በፊት የመመረቂያ ጽሑፍህን አውጥተህ ተመልከት። ስንት ሰው አነጋገርክ? መረጃውን እንዴት አደራጀህ? በማመልከቻህ ላይ ጻፈው፤ የሰው ኃይል ክፍልም ሆነ መዝገብ ቤት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጋዜጣ ብቻ አትጠብቅ። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ በር ላይ ብቻ ተለጥፎ የሚቀር ማስታወቂያ አለና በእግርህ ዙር።

እናንተም የታክሲና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ሳይጠይቃችሁ ስጡት፤ መጠየቁ ያሳፍረዋል። በእኛ ቤት ይህ የገባን ዘግይቶ ነው።