«እኔ ጋ ይሠራል» አይባልም

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ሥራዋ የሠራተኛውን ትርፍ ሰዓት ለቅማ ለደመወዝ ክፍል ፋይል ማውጣት ነው። ዊንዶውስ ላፕቶፔ ላይ እንደ ሰዓት ሠራች። ፋብሪካው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትጫንም አንድም ስህተት አላሳየችም። ወሩ ሲያልቅ ግን ያመሹት ልጆች የተከፈላቸው በባለፈው ወር ሒሳብ ሆነ። በኋላ ተካክሷል፤ የቤት ኪራይ ግን «በኋላ» አይልም።

ጉዱ ምን ይመስላችኋል? አንዲት ባክስላሽ! «ዳታ\ትርፍሰዓት» ብዬ ጽፌያለሁ። ዊንዶውስ ይህንን «ዳታ ፎልደር ውስጥ» ብሎ ይረዳዋል። ለሊኑክስ ግን ባክስላሽ የስም አካል ናት፤ «ዳታ\ትርፍሰዓት» የሚባል ፋይል እዚያው በቆመበት ፈጠረ። ፎልደሩ ውስጥ የነበረው የባለፈው ወር ፋይል ብቻ ስለሆነ ደመወዝ ክፍል እሱን አነበበ።

ነገሩ የቆየ ነው። ዩኒክስ ድሮም ፎልደር የሚለየው በ«/» ነው። ዶስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ፎልደር ስላልነበረው «/»ን ለትእዛዝ አማራጮች ሰጣት። በ1983 ፎልደር ሲያመጣ ምልክቷ ተይዛ አገኛትና «\»ን ወሰደ። ያ ውሳኔ አርባ ዓመት ተጉዞ የሰፊዎቻችን ኪስ ገባ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስክሪፕት ውስጥ ሁሌም «/» ጻፉ፤ ጊት ባሽ ዊንዶውስ ላይም ይቀበላታል። የፓዝ ዝርዝር ሊኑክስ ላይ በ«:»፣ ዊንዶውስ ላይ በ«;» እንደሚለያይ አትርሱ፤ «ሲ:» የድራይቭ ስም ነውና። አድራሻ መቀየር ካስፈለገ በእጅ አትነካኩት፤ ሲግዊን «ሲግፓዝ» የሚባል ቀያሪ አለው። ክፍተት ያለበትን የፎልደር ስም በጥቅስ ክበቡ። ከሁሉ በላይ ስክሪፕቱ ፋይሉ የዚህ ወር መሆኑን ይፈትሽ፤ ካልሆነ ጮኾ ይቁም። ዝም ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም ከሚወድቀው ይብሳል።

«አገሩ ሁሉ ዊንዶውስ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ልክ ነህ ወንድሜ፤ ሰርቨሩ ግን ብዙ ጊዜ ሊኑክስ ነው።

ቦሌ ለሚ ያለች ሰፊ ሸሚዙን በራሷ ትከሻ ለክታ «እኔ ላይ ልክ ነው» ብትል ማን ይቀበላታል? የምትሰፋው አይታው ለማታውቀው ሰው ልክ ነው። እኛስ?