የብስክሌት መለዋወጫ ከቅርብ ሱቅ ይገዛ ወይስ ከሩቅ ይምጣ?

የብስክሌት ነገር ለጋዜጣ ዐምድ የማይበቃ ትንሽ ጉዳይ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖሩ ይኾናል። ነገር ግን በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ከተማ ማለዳ በመንገድ ዳር የቆመ ሰው፥ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ጸሐፊው ወደ መሥሪያ ቤቱ፥ ዲያቆኑም ከኪዳን ወጥቶ ወደ ጉዳዩ በኹለት መንኰራኵር ሲሄዱ ቢመለከት፥ ይህ ትንሽ የተባለው ዕቃ የስንቱን ቤት ኑሮ ተሸክሞ እንደሚውል ይረዳዋል። ባጃጅ ቢበዛም በየቀኑ ለባጃጅ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ ጎማው ሲያልቅ፥ ሰንሰለቱ ሲላላ፥ ፍሬኑም አልይዝ ሲል ባለቤቱ ምን ያድርግ? ዕቃውን ከሰፈሩ ሱቅ ይግዛ? ወይስ ከአዲስ አበባ መርካቶ ያስመጣ፥ በኢንተርኔት ከውጭ አገር ይዘዝ፥ ወይም ከዋሽንግተን ለሚመጣ ዘመድ አደራ ይበል? ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ይህነን ነው።

ከቅርብ መግዛት ይገባል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት የአገርን ሀብት በአገር ማስቀረት ነው። አሳቡ መልካም ቢኾንም በዚህ ነገር ላይ ግን እምብዛም አይረዳቸውም። የሰፈሩ ነጋዴ የሚሸጠው ጎማና ሰንሰለት ባመዛኙ ከቻይናና ከሕንድ የመጣ ነውና፥ የውጭ ገንዘብ በኹለቱም መንገድ ይወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዠምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ ሲወደድ የቅርቡም የሩቁም ሱቅ አብሮ ተወዷል። ስለዚህ ኹለቱን የሚለያቸውን ነገር በሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል፤ ይኸውም ዕቃውን የሚገጥመው እጅና ዕቃው ሳይኾን ሲቀር የሚጠየቀው ሰው ነው።

አንድ የምናውቃቸው ካህን ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ ጥቍር አሮጌ ብስክሌት አላቸው። የኋላው ጎማ ባለቀ ጊዜ፥ የሰፈሩ ሱቅ ዋጋ በዛባቸውና በውጭ አገር ለሚኖረው የእኅታቸው ልጅ 28 ኢንች ጎማ ላክልኝ ብለው ጻፉለት። ልጁም ታዛዥ ነበርና ጥሩ ጎማ ገዝቶ በሰው እጅ ላከላቸው። ጎማው በደረሰ ጊዜ ግን ኹለት ሰዎች ቢታገሉትም በቸርኬው ላይ አልወጣ አለ። በመጨረሻ ወደ ተዉት ሱቅ ይዘውት ቢሄዱ፥ ባለሱቁ አልነካውም፤ በጎማው ጎን የተጻፈውን ቍጥር ብቻ አንብቦ፥ «አባ፥ ይህ የእርስዎ አይደለም» አላቸው። ጎማው ዛሬም በካህኑ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 28 ኢንች ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ጎማ አንድ ዐይነት ብቻ አይደለም። ባለ ዘንግ ፍሬን የኾነው የቀድሞው ብስክሌት ቸርኬ ጎማው በሚቀመጥበት ቦታ 635 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው፥ ዛሬ ባብዛኛው 28 የሚባለው አዲሱ ዐይነት 622 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊሜትር፥ ማለትም ከአንድ ጣት ወርድ የማይበልጥ ነው፤ ኾኖም ግን የማይታለፍ ነው። 26 ኢንች የሚባለውም እንዲሁ አንዱ 559፥ ሌላው 590 ሚሊሜትር ኾኖ ይገኛል። እውነተኛው ልክ በጎማው ጎን 40-635 በሚመስል ኹኔታ ተጽፎ ይገኛልና፥ ፊተኛው ቍጥር የጎማውን ውፍረት፥ ኋለኛው የቸርኬውን ስፋት ያመለክታል። ይህ ቍጥር በመላው ዓለም አንድ ስለ ኾነ አያሳስትም። ከሩቅ የሚያዝ ሰው ይህነን ሳያይ ቢያዝ ግን ገንዘቡን በዕጣ እንደ ጣለ ይቈጠራል።

የሰንሰለትም ነገር ከዚህ አይለይም። ሰንሰለት ካረጀ ይረዝማል፤ የሚረዝመውም ብረቱ ተስቦ ሳይኾን በየመጋጠሚያው ያለው ችንካር ስለሚበላ ነው። ከችንካር እስከ ችንካር ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ስለ ኾነ፥ 24 መጋጠሚያ በአዲስነቱ ልክ 12 ኢንች ይኾናል። ይህ ርዝመት በአንድ ኢንች ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ካለፈ ሰንሰለቱን መለወጥ ይገባል። በስምንተኛ እጅ እስኪያልፍ ከተጠበቀ ግን ባለ ጥርሶቹ ብረቶችም ዐብረው ተበልተዋልና፥ ሰው አንድ ዕቃ ለመግዛት ሄዶ ሦስት ገዝቶ ይመለሳል። ይህነን በማስመሪያ ለክቶ፥ «ጥቂት ወር ይቈይልዎታል» ወይም «ዛሬውኑ ይለውጡት» ብሎ የሚነግር ሰው በቅርብ ሱቅ ይገኛል እንጂ ከሩቅ በተላከ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ አይመጣም። የግራው ፔዳል ብሎን እንደ ሌላው ብሎን ወደ ቀኝ ሳይኾን ወደ ግራ ዞሮ እንደሚጠብቅ ሳያውቅ በጕልበቱ ታግሎ ክሩን ያበላሸ ሰውም ብዙ ነው።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የብስክሌት ጠጋኝ ኑሮ የቆመው የተበሳ ጎማ በመለጠፍ ብቻ አይደለም። ማስቲሹና ልጣፊው ዋጋቸው ጥቂት፥ የእጁም ዋጋ ከዚያ ያነሰ ነው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው፥ ከእርሱ ዘንድ ኾነው ሥራ የሚማሩትንም ልጆች የሚያበላው ዕቃ ሸጦ ከሚያገኘው ትርፍ ነው። እኛ ጎማውንና ሰንሰለቱን ከሩቅ እያስመጣን ለመለጠፍና ለማጥበቅ ብቻ ወደ እርሱ ብንሄድ፥ ጥቂት ዘመን ታግሦ ሱቁን ይዘጋል። በዚያን ጊዜ በርካሽ ያመጣነውን ዕቃ የሚገጥምልን አይኖርም፤ ልጆቹም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይበተናሉ።

ይህነን ስንል ግን የሰፈሩን ባለሱቅ ኹሉ ነቀፋ የሌለበት ማድረጋችን አይደለም። አሮጌ ኩሽኔታ በቅባት አጥቦ በአዲስ ዋጋ የሚሸጥ፥ የታወቀ ስም በሐሰት የታተመበትን ዕቃ እያወቀ በመደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጥ አለ። ሐሰተኛ ሚዛን ምን ያህል ነውር እንደ ኾነ ለሕዝባችን ዘወትር የሚያስተምሩት ካህናቶቻችን፥ ይህም ከዚያ ወገን እንደ ኾነ በስብከታቸው ቢያነሡት ለነጋዴውም ለገዢውም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በተለይም የፍሬን ላስቲክ ነገር የሚያስደነግጥ ነው። መልኩ ጥሩ የኾነ ነገር ግን እንደ እንጨት የደረቀ ላስቲክ በዝናብ ጊዜ በረጠበ ቸርኬ ላይ አይዝም፤ ቍልቍለት የሚወርድ ሰው ይህነን የሚያውቀው መኪና ከፊቱ ከቆመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ የሸጠ ሰው አተረፍሁ ቢል፥ እኛ ትርፍ ብለን አንጠራውም።

ደግሞም በቅርብ የማይገኝ ዕቃ አለ። ብዙ ማርሽ ያላቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ባለ ጥርሱ ብረት ብዛት ከሰንሰለቱ ወርድ ጋራ መስማማት ስላለበት፥ ከሱቁ መደርደሪያ የተገኘውን በግድ መግጠም ዕቃውን ማጥፋት ነው። በዚህ ጊዜ ከሩቅ ማስመጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ብቻውን ከሚያዝ ይልቅ አሮጌውን ዕቃ ለባለሱቁ አሳይቶ፥ ልኩን አስለክቶ፥ ከተቻለም በእርሱ በኩል አስመጥቶ ጥቂት ትርፍ ቢተውለት፥ ስሕተት ቢገኝ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል። ጥቂት ብር የጨመረ ይመስለዋል እንጂ፥ በካህኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ጎማ ዋጋ ጋራ ቢያስተያየው ያነሰ ኾኖ ያገኘዋል።

ለመልእክተኞቻቸው ወይም በየቀበሌው ለሚዞሩ ሠራተኞቻቸው ብስክሌት ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም ይህ ነገር ይመለከታቸዋል። በግዢ መጠየቂያ ወረቀት ላይ «የብስክሌት ጎማ፥ ባለ 28፥ ብዛት 20» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የሩቅ ነጋዴ በሕግ አሸንፎ ኻያውንም የማይገጥም አድርጎ ቢያቀርብ፥ የጻፈው ሰው በምን ይከሰዋል? የጠየቁትን ሰጥቷልና። ዕቃው በግምጃ ቤት ተቈልፎ ይቀራል፤ ብስክሌቱም ከግንብ ተደግፎ ዝናብ ይመታዋል፤ ሠራተኛው በእግሩ ይሄዳል። ሰንጠረዡን ሲያዩት ግን ግዢው በትክክል ተፈጽሟል።

ስለዚህ ዐዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሳይገባ፥ የንብረት ክፍል ሹማምንት ከአካባቢያቸው ጠጋኞች አንዱን ጠርተው በግቢያቸው ያሉትን ብስክሌቶች አንድ በአንድ ቢያሳዩት፥ የየጎማውን ጎን ቍጥር በመዝገብ ቢያስጽፉ፥ በመጠየቂያውም ላይ ያንኑ ቍጥር ከነመግጠሚያው ዋጋ ጋራ ቢያኖሩ መልካም ነው። ለግማሽ ቀን ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙ አይበልጥም።