ልብስ በልክ፣ መርፌ በእጅ

  

ዛሬ ስለ ልብስ እንነጋገራለን። ስለ ማጌጥ አይደለም። ልብስ የቤታችንን ገንዘብ እንዴት እንደሚወስድ፣ እኛስ እንዴት በልክ እንደምናደርገው ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ከደከማችሁ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ አንብቡት።

ከሸጎሌ ገበያ እስከ ቤት

ሸጎሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ የሚገኝ ሰፈር ነው። የከብት ገበያ አለው። በበዓል ሰሞን በጉ፣ ፍየሉ፣ በሬው እየተነዳ ይገባል። ሽሮ ሜዳም በዚያው በጉለሌ ነው። ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ገበያ ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ተሰቅሎ ይታያል። እንግዲህ በጉለሌ በአንዱ በኩል በግ ይሸጣል፤ በሌላው በኩል ልብስ ይገዛል።

እስቲ አንድ ገበሬ እናስብ። ሸጎሌ መጥቶ ሁለት በግ ሸጠ እንበል። ብሩ በኪሱ ነው። በዓል ደርሷል። ለሚስቱ ቀሚስ ገዛ። ለልጆቹ ሹራብ ገዛ። ለራሱም ጫማ ገዛ። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ግን የልጆቹ ደብተር መጣ። የዕድር መዋጮ መጣ። የማዳበሪያ ብር መጣ። ኪሱ ባዶ ነው። ምን ያድርግ? ሄዶ ተበደረ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። እውነት ነው፣ በዓልን በንጹሕ ልብስ መቀበል ደስ ይላል። ይህን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ቀሚሱ በብድር ከተገዛ፣ የሚበጣጠሰው ቤቱ ነው።

ታዲያ ልብስ አንግዛ? እንግዛ እንጂ! ግን በልክ እንግዛ። ልኩንም አስቀድመን እንወቅ።

ልብስ በኩፖን የተሸጠበት ጊዜ

ልብስን በልክ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት አድርጎታል። የተጀመረው ግንቦት 24 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም ነበር።

ምክንያቱ ምን ነበር? ፋብሪካዎቹ የወታደር ልብስ መሥራት ነበረባቸው። ጥጥና ሱፍ የሚያመጡትም መርከቦች ለጦርነቱ ተፈለጉ። ስለዚህ ለሕዝቡ የሚቀረው ጨርቅ ጥቂት ሆነ። ጥቂቱን ሀብታም ብቻ ገዝቶ እንዳይጨርሰው መንግሥት ኩፖን አደለ።

ኩፖን ማለት ትንሽ ወረቀት ናት። ልብስ ለመግዛት ብርም ኩፖንም ያስፈልግ ነበር። ብር ያለው፣ ኩፖን ከሌለው አይገዛም። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ተሰጠ። የሱፍ ቀሚስ 11 ኩፖን ይፈልጋል። የወንድ ጫማ 7 ይፈልጋል። ለሚያድጉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ተጨማሪ ኩፖን ይሰጥ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ ጨርቁ ቶሎ አልበዛም። በ1938 ዓ.ም. ገደማ ለስምንት ወር የተሰጠው 24 ኩፖን ብቻ ነበር።

የልብሱ አሠራርም ተወሰነ። ኪስና ቁልፍ በቁጥር ሆነ። የወንድ ሱሪ ጫፍ ወደ ውጭ እንዳይታጠፍ ተከለከለ። ጨርቅ ይፈጃላ! ሕዝቡም ያለውን እንዲጠቅምና እንዲጥፍ በትንንሽ መጽሐፍ ተመከረ። ሴቶች እየተሰበሰቡ ስፌት ተማማሩ። ይህ የልብስ ኩፖን የቀረው መጋቢት 6 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው።

በእኛም አገር በደርግ ዘመን ራሽን ነበር። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ያስታውሱታል። በከተማ የቀበሌ ሱቅ ነበር። በገጠር የገበሬ ማኅበር ሱቅ ነበር። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ጨው በካርድና በልክ ይሸጥ ነበር። አቡጀዲና ሌላ ጨርቅም ሲመጣ በተራ ነበር።

እውነቱን እንናገር። ያ ራሽን ብዙ ሰው አስመርሯል። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራው ሳይደርስ ዕቃው ያልቃል። በጓሮ በር የሚወጣም ነበር። ስለዚህ «ያ ጊዜ ይመለስ» አንልም።

ግን አንድ ነገር እንማርበታለን። ያን ጊዜ ካርዱን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። ስንቱ ሰው ካርዱን ይዞ ይቆማል፤ የተጻፈበትን ግን አያነብም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ዘመን፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዛሬ እናንተ ታነባላችሁ፤ ትጽፋላችሁም። ስለዚህ የቤታችሁን የልብስ ካርድ እናንተው ጻፉ። ሰልፍ የለውም። ማኅተም አይፈልግም። እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል።

የቤት ካርድ እንዴት ይጻፋል?

በመጀመሪያ ሣጥናችሁን ክፈቱ። ያለውን ልብስ ሁሉ አውጡና ቁጠሩ። በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ደኅና የሆነው ነው። ሁለተኛው ተጠቅሞ የሚለበስ ነው። ሦስተኛው ለእራፊ የሚሆን ነው። ሳይቆጥሩ ገበያ መሄድ ያለውን ደግሞ መግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ለያንዳንዱ ልብስ ነጥብ ስጡ። እኛ ይህን አስበናል፤ እናንተ እንደ ቤታችሁ ለውጡት።

ጋቢ 8 ነጥብ።
ቀሚስ 5 ነጥብ።
ነጠላ 5 ነጥብ።
ሱሪ 4 ነጥብ።
ሹራብ 4 ነጥብ።
ጫማ 4 ነጥብ።
ሸሚዝ 3 ነጥብ።
የውስጥ ልብስ ወይም ካልሲ 1 ነጥብ።

ሦስተኛ፣ የቤተሰቡን ስም ጻፉ። ለአዋቂ በዓመት 10 ነጥብ ስጡ። ለሚያድግ ልጅ 14 ስጡ። ልጅ ዛሬ የለበሰው ለከርሞ ያጥረዋልና።

አሁን እንቁጠር። ልጅቱ 14 ነጥብ አላት። ቀሚስ 5፣ ጫማ 4፣ ሹራብ 4፣ የውስጥ ልብስ 1። ድምሩ 14 ነው። በቃት። አባት 10 ነጥብ አለው። ጋቢ ከገዛ 8 ሄደ፤ 2 ቀረ። ጫማ ደግሞ 4 ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አሮጌውን ጫማ ያሰፋል። የቀረችውን 2 ነጥብ ወደሚመጣው ዓመት ያሻግራል። ያን ጊዜ 12 ይኖረዋል።

እናትስ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። በብዙ ቤት መጀመሪያ ልጆች ይለብሳሉ። ቀጥሎ አባት ገበያ ስለሚወጣ ይለብሳል። እናት «ለኔ ግድ የለም» ትላለች። በየዓመቱ ግድ የለም! አንድ ቀሚስ ለዘወትርም፣ ለክትም፣ ለለቅሶም ይሆናል። ካርዱ ላይ ግን የእናት 10 ነጥብ ተጽፏል። የተጻፈ ነገር አይረሳም። ራሽን ማለት መቀነስ ብቻ አይደለም። ያለውን ለሁሉም ማድረስ ነው። የናንተ ካርድ እናትን ከዘለለ፣ ልክ አልሆነም ማለት ነው።

አራተኛ፣ ነጥብ አለ ብላችሁ ብር ሳይኖር አትግዙ። እንደ እንግሊዞቹ ሁለቱም ይኑር። በግ ስትሸጡ መጀመሪያ የዘሩን፣ የማዳበሪያውን፣ የትምህርቱን ብር ለዩ። ልብስ ከቀረው ነው።

ቀዳዳው ትንሽ ሳለ

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶች። ልብስ አያያዝ ይፈልጋል። የክት ልብስ ለብሳችሁ እንጨት አትፍለጡ። ከዓመት በዓል ስትመለሱ ቀይሩ። ቀለም ያለውን ልብስ ገልብጣችሁ በጥላ አስጡ። ፀሐይ ቀለም ይበላል። ሱፍና ሹራብ ሳይታጠብ ሣጥን አይግባ። ብል ይወደዋል።

ልብሱ ከተቀደደስ? ዛሬውኑ ጥቀሙት። ዛሬ አንዲት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ከርሞ ክንድ ታስገባለች።

እራፊ ሲጣፍ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልብሱን እጠቡ። እራፊውንም እጠቡ። ሳይታጠብ የተጣፈ አዲስ ጨርቅ በኋላ ይሰበሰብና ዙሪያውን ይቀዳል። እራፊው ከቀዳዳው በየጎኑ ሁለት ጣት ይስፋ። ውፍረቱ ከልብሱ ጋር ይመሳሰል። ወፍራም እራፊ በስስ ልብስ ላይ አይሆንም፤ ልብሱን ይቀደዋል። የጨርቁ ክር የሚሄድበትን እዩ፤ የእራፊውም ክር በዚያው ይሂድ። ከውስጥ በኩል አስቀምጡት። ጠርዙን አጥፋችሁ ዙሪያውን ስፉ። ክሩን አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ይጨማደዳል።

ሹራብና ካልሲ ግን እራፊ አይወዱም። እነርሱ እንደ ሸማ ይሠራሉ። ከቀዳዳው ሥር ትንሽ ለስላሳ ቅል አስገቡ። መጀመሪያ ክሩን ከላይ ወደ ታች ጎን ለጎን ዘርጉ። ይህ ድር ነው። ከዚያ መርፌዋን በአግድም አስኪዱ፤ አንዱን ክር ከላይ፣ አንዱን ከታች። ይህ ማግ ነው። ሸማኔው በእጅና በእግሩ የሚሠራውን እናንተ በመርፌ ሠራችሁት።

የአንሶላ መካከሉ ሲሳሳ አትጣሉት። ከመካከል ቁረጡት። ደኅና የሆኑትን ሁለት ጎኖች አጋጥማችሁ ስፉ። የሳሳው ጠርዝ ይሆናል። የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላም ፈትታችሁ ገልብጡት፤ ደኅናው ፊት ይወጣል።

የጋቢ ነገርም አለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጠርዙ ሲያልቅ መካከሉ ገና ደኅና ነው። ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። የተረፈው ቁራጭም ለእራፊ ይቀመጣል።

በቤት መስፋት

የስፌት መኪና በየቤቱ የለም። ሁሉም ቤት መግዛት የለበትም። አምስት ስድስት ቤት ሆኖ አንድ መኪና መግዛት ይቻላል። በዕቁብ ይሆናል። በተራ ይሰፋል። ዘይቱንና መርፌውንም በጋራ ነው። መኪናውን ማን እንደሚጠብቅ፣ የማን ቀን መቼ እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። ጠብ የሚመጣው ካልተጻፈ ነው።

መኪና እስኪመጣ በእጅ ይሰፋል። የልጅ ቀሚስ ስትሰፉ ከታች አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ እጠፉ። ልጅቱ ስታድግ እጥፋቱን ትፈታላችሁ። በእጅጌውም እንዲሁ። አንዱ ቀሚስ ሁለት ዓመት ሄደ ማለት ነው። ወንድ ልጆችም መርፌ ይያዙ። ሸማኔውና ልብስ ሰፊው ወንድ አይደለም እንዴ?

ምናልባት «እኛ ከቀነስን ሸማኔው ምን ይበላል?» ትሉ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። በሽሮ ሜዳ አካባቢ ብዙ ሸማኔ አለ። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ የሚበጀው በዓመት አንድ ጠንካራ ሸማ መግዛታችን ነው። በሁለት እጥበት የሚያልቅ ርካሽ ልብስ ሦስት ጊዜ ከገዛን፣ ብራችን አለቀ፤ ሸማኔውም አልተጠቀመም። ከባድ ስፌት ሲሆን ደግሞ ለልብስ ሰፊ ስጡ። እርሱም ሥራ ያገኛል።

የተጣፈ ልብስ ያሳፍራል የሚል አለ። አያሳፍርም። የቆሸሸ ልብስ ግን በሽታ ያመጣል። የልብስ ቅማል ተስቦና አገርሺ ትኩሳት ታስተላልፋለች። ልብሳችን ጥቂት ከሆነ ቶሎ ቶሎ እንጠበው። ንጹሕና የተጣፈ ልብስ የለበሰ፣ ብድር የሌለበት ሰው፣ በገበያ መካከል ቀና ብሎ ይሄዳል።

በቡድናችሁ ተነጋገሩ

1. ባለፈው ዓመት በቤታችሁ ስንት ልብስ ተገዛ? ስንቱ በብድር?
2. በቤታችሁ መጨረሻ የሚለብሰው ማን ነው? ለምን?
3. የልጁ ነጥብ ከአዋቂ ለምን በለጠ? በእናንተስ ካርድ ስንት ይሁን?
4. ዛሬ ማታ የምትጠቅሙት ልብስ የትኛው ነው? ስሙን ጻፉ።

በሉ ደኅና ሰንብቱ።